አረንጓዴ የተቀባችው ማጠፊያ

ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩበት ዓመት ጉለሌ ውስጥ ካለ አንድ የመንግሥት ብረታ ብረት ወርክሾፕ ተመደብኩ። የት መሥራት እንደምፈልግ የጠየቀኝ አልነበረም። ከቤታችን በእግር የሚደረስበት በመሆኑ ግን እናቴ ደስ ብሏት ነበር። ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ቁልቁል ስወርድ፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ከሚመጡት ሴቶች ጋር መንገዱን እንጋራለን። ለእነሱ ደኅና አደራችሁ ማለት አያስቸግረኝም። ወርክሾፑ በር ላይ ስደርስ ነው ድምፄ የሚጠፋው።

እዚያ ያሉት ወንዶች ብዙዎቹ አባቴን የሚያህሉ ናቸው። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት መዶሻው ይቀድመኛል፤ እኔም ሌላ ጊዜ እላለሁ ብዬ እተወዋለሁ። ይህን ቀድመው ያወቁት ሁላችንም ጋሼ ብቻ የምንላቸው አዛውንት ነበሩ። ላሜራ በማጠፍ ያረጁ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው።

«ኢንጂነራችን ዛሬም አልመጣችም?» ይላሉ፣ ከፊታቸው ቆሜ እያዩኝ።

«መጥቻለሁ፣ ጋሼ።»

«አይ፣ አልሰማሁም።»

እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ ላሜራ ከመኪና ሲያወርዱ ወድቀው የቀኝ እጅ አንጓቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ እጁ ግን እንደ ድሮው አጥብቆ አይጨብጥም። አሮጌው ማጠፊያ ደግሞ ላሜራውን የሚይዘው በሁለት ትልልቅ ብሎን ነው፤ እነሱን ማጥበቅ ጤነኛ ሰውን እንኳ ያቅተዋል። ጋሼ ቁርጥራጭ ሲለቅሙ ከረሙ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ወደ ጥበቃ ሊያዛውራቸው እንዳሰበ ነገራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው ያለ ሥራ ተቀምጧል እየተባለ ከላይ ይጠየቅ ነበር።

«ጥበቃም ምን አለበት፣ ሥራ ነው» አሉኝ ጋሼ በምሳ ሰዓት። «ግን በር ላይ ቆሜ ሌላ ሰው ሲያጥፍ እየሰማሁ እንዴት ልውል?»

በዚያው ሰሞን ከውጭ የመጣች አዲስ ማጠፊያ በሳጥኗ እንደታሸገች መጋዘን ተቀምጣ ነበር። መመሪያዋን እንዳነብ ታዘዝኩ። በኤሌክትሪክ ማግኔት የምትሠራ ናት። ላሜራው የብረት ጠረጴዛዋ ላይ ይዘረጋል፤ ከላዩ መጫኛ ብረት ይቀመጣል። ቁልፏ ሲጫን ጠረጴዛው መጫኛውን ወደ ታች ስቦ ላሜራውን መሃል ያጣብቀዋል። ከዚያ ከፊት ያለውን ማጠፊያ ክንፍ ወደ ላይ ማንሳት ነው። የሚጠብቅ ብሎን የላትም። መመሪያውን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ያሰብኩት የጋሼን እጅ ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ለመናገር ቢሮው በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ገባሁ።

«ይሞክሩ» አለ። «ሰኞ አንድ የቆጣሪ ሳጥን ፊቴ ያጥፉ። ከቻሉ ይቀጥላሉ።»

ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ተለማመዱ። ክንፉን በግራ እጃቸውና በቀኝ ክርናቸው ያነሱታል። ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር መጫኛው ጠረጴዛውን ቀጭ አድርጎ ሲመታ እንደ ልጅ ፈገግ ይላሉ።

ማክሰኞ እንግዶች ይመጣሉ ስለተባለ እሑድ የጽዳት ዘመቻ ወጣን። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቀለም መቀባት የተለመደ ነበር። የአጥሩ ድንጋይ ኖራ ይለቀለቃል፣ በሩ ይታደሳል፣ ከተረፈ ደግሞ ብሩሽ የደረሰበት ሁሉ ይቀባል። እኔ ከሴቶቹ ጋር መስኮት ሳጥብ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ስንገባ ማጠፊያዋ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆና ታበራለች።

«ሁለቴ ደርቤ ነው የቀባኋት» አለ የወርክሾፑ በያጅ፣ ወገቡን ይዞ። «ሙሽራ አላስመሰልኳትም?»

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ጋሼ ላሜራውን ዘረጉ፣ መጫኛውን አስቀመጡ፣ ቁልፉን ተጫኑ። ክንፉን ሲያነሱ ላሜራው ተንሸራተተ፤ የታጠፈው ጠርዝ ጠማማና ዱልዱም ሆኖ ወጣ። ሌላ ላሜራ ሰጠናቸው። እሱም እንደዚያው ሆነ። ሁሉም ሰው የቀኝ አንጓቸውን ያይ ነበር።

«በቃ ጋሼ፣ አይድከሙ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ በጣም ለስለስ ብሎ። «ጥበቃም ቢሆን የእኛው ቤት ነው።»

ጋሼ ያልቆሸሸ እጃቸውን ካፖርታቸው ላይ ይጠርጉ ጀመር።

«ድምፁ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው ዞሯል።

«ድምፁ ልክ አይደለም» አልኩ እንደገና። ይህኛው ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ፤ በያጁ እንኳ ዞር አለ። «ሲጫን ቀጭ ይል ነበር። አሁን ጨርቅ ላይ እንደወደቀ ነው የሚሰማው። ጠረጴዛውም መጫኛውም ተቀብቷል።»

«እንዴ፣ የወረቀት ያህል ቀለም ምን አደረገ?» አለ በያጁ።

«ማግኔቱ አጥብቆ የሚይዘው ብረት ከብረት ሲገናኝ ነው። መሃል የገባው ቀጭንም ቢሆን ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ደግሞ ያንሸራትታል።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ግቢው በር አየ፤ እንግዶቹ አሁኑኑ የሚገቡ ይመስል። «ነገ ለሚመጣ እንግዳ የተቀባ ማሽን ልንፍቅ ነው?»

«ጠረጴዛውንና መጫኛውን ብቻ። እግሯ እንደተቀባ ይቆይ።»

 ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና «ከምሳ በፊት ይለቅ» ብሎ ሄደ።

ጋሼ፣ በያጁና እኔ በቤንዚን በነከርነው ጨርቅ ስንፍቅ አረፈድን። በያጁ ሙሽራዬን ልብሷን አስወለቃችኋት እያለ ያጉረመርማል፤ ከሁላችን አብልጦ የፋቀው ግን እሱ ነው። ከምሳ በፊት ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ። ቀጭ አለ። አራቱን ጎን አንድ በአንድ አጠፉ፤ ላሜራው አልተነቃነቀም። ሥራ አስኪያጁ ሳጥኑን አንስቶ በአውራ ጣቱ ማዕዘኑን ዳበሰው።

«ለጥበቃ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለ።

በማግስቱ ከእንግዶቹ አንዱ ማጠፊያዋ አጠገብ ቆመ። «ይቺ ለምንድን ነው ላይዋ ሳይቀባ የቀረው?» ሲል ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ጋሼ ላሜራ ዘርግተው ነበርና ቁልፉን ተጫኑ፤ ከዚያ ቀና ብለው በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ጠየቁኝ።

«ድምፁ እንዴት ነው፣ ኢንጂነር?»

«ልክ ነው።»

«አልሰማሁም።»

«ልክ ነው፣ ጋሼ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እሳቸውም ክንፉን አነሱት።