አሳማሪው የደመሰሳት ጠባሳ

ይህ ሰው የሌላውን ጉድለት ለመሸፈን ለጋስ፣ የገዛ ራሱን ለማየት ግን ዓይነ ስውር ነበረ። ታሪኩ የሚነገረው ሊፈረድበት አይደለም፤ እርሱ ራሱ በራሱ ላይ አስቀድሞ ፈርዷልና።

ሠላሳ ዓመት ያህል በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ሠርቷል። ሰማያዊ መጋረጃ፣ የምትሽከረከር ወንበር፣ ጥላ የደፉ ሁለት መብራቶች፤ ንብረቱ ይኸው ነው። ለመታወቂያ የመጣ ሁሉ፣ ሳይጠይቅ፣ ብጉሩ ታጥቦ፣ ማድያቱ ጠፍቶ፣ ጠባሳው ተደምስሶ ይሰጠዋል። አንድ ሾፌር ፎቶውን ተቀብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኔ ነኝ ወይስ ታናሽ ወንድሜ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞልቶት ነበር። ሰፈሩም «አሳማሪው» አለው። የሁሉም መልክ በየስሙ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሰዎቹም ይህንን እያወቁ አምነውት ይኖራሉ።

አንዲት ልጅ አለችው። እናቷ ካረፈች በኋላ፣ ከማን ጋር እንደዋለች፣ ማን እንደደወለላት እየተከታተለ ቢያስመርራት ቤቱን ጥላ ወጣች፤ ስልኩንም ዘጋችበት። ሁለት ዓመት ድምፅዋን አልሰማም። አንድ ቀን አላስችል ሲለው፣ የልጁ የትምህርት ቤት ባልንጀራ የነበረች የአንዲት ነርስ ፎቶ ከኮምፒዩተሩ አወጣና በስሟ የኢንተርኔት ገጽ ከፈተ። «የት ጠፋሽ?» ብሎ ለልጁ ጻፈላት። ልጅቱም ደስ ብሏት የሆዷን ዘረገፈች።

በመጀመሪያ ደኅንነቷን ብቻ ነበር የፈለገው። ከዚያ የት እንደምትሠራ ጠየቀ። ከዚያም ስትወጣ ለማየት ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ማዶ ካለው የአውቶቡስ ፌርማታ ይቆም ጀመር።

አንድ ጠዋት ልጁ ለባልንጀራዋ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ፈርቻለሁ። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከመንገዱ ማዶ እየቆመ ያየኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራዬንም ቤቴንም ትቼ ከዚህ ከተማ ልሄድ ነው።»

ባርኔጣው ከፊቱ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እርሱም፣ «አይዞሽ፣ መስሎሽ ይሆናል» ብሎ መለሰላት። ከሠራው ሁሉ ይልቅ ኋላ ላይ አንገቱን ያስደፋችው ይህች አንዲት መስመር ናት።

በማግስቱ ነርሷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ለመታወቂያ ነው?»

«ይህችን እንዲያዩልኝ ነው።» በስሟ የተከፈተውን ገጽ አውጥታ ስልኳን ዘረጋችለት። «የሥራ ባልደረባዬ ናት ያገኘችው። ሁለት ሆንሽ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።»

«መቼም... ዘመኑ ክፉ ነው። ፎቶ ከየትም ይሰረቃል።»

«ከየትም አይሰረቅም፣ ጋሼ።» ጣቷን ከአገጯ ሥር አሳረፈች። «ይህች ጠባሳ እዚያ የለችም። እኔ የትም ብነሳ አለች፤ የጠፋችው እዚህ ቤት በተነሳሁት ብቻ ነው። ደግሞ ከዚህ ገጽ ጋር የተወዳጀ ሰው አንድ ብቻ ነው። ልጅዎ።»

እርሱም ደንበኞቹን በሚያስቀምጥባት ወንበር ተቀመጠ፤ መብራቶቹም ፊቱ ላይ ወደቁ።

«ነግረሻታል?»

«እርስዎ ይንገሯት ብዬ ነው የመጣሁት። ዛሬ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ።»

ገጹን ማጥፋት እንደ ጠባሳው ቀላል ነበር፤ ጣቱም ወደዚያው አዘነበለ። ነገር ግን ገጹ ቢጠፋ ልጁ ባርኔጣ ያደረገውን ሰው እየፈራች ትሰደዳለች። ቢናገር ደግሞ ለዘላለም ሊያጣት ነው። ነርሷ ቆማ እያየች ጻፈ፦ «የምትጽፍልሽ ባልንጀራሽ አይደለችም። አባትሽ ነኝ። ባለ ባርኔጣውም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም። በእኔ ምክንያት ከኑሮሽ አትነቀይ።»

ከአፍታ በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ልጁ ናት።

«አይዞሽ ያልከኝም አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»



«የትም አልሄድም። አንተ ግን በዚያ መንገድ እንዳላይህ። እኔን ማናገር ካማረህ በገዛ ስልክህ፣ በገዛ ስምህ ደውል። ላነሳም ላላነሳም እችላለሁ።»

«እሺ፣ ልጄ።»

ዘጋችው። እርሱም ገጹን አጠፋና ነርሷን ቀና ብሎ ለማየት አፈረ። እርሷ ግን ወንበሩን አስለቅቃው ተቀመጠች፤ «አሁን እንዳለሁ ያንሱኝ» አለችው። አነሳት። ምስሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲወጣ እጁ እንደ ልማዱ ወደ አገጯ ሄደ፤ ነርሷ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እጁም ተመለሰ።

እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ይደውላል። አንድ ጊዜ አንስታለት፣ «በልተሃል?» ብላዋለች።

ለእርሱ በር ሳያንኳኳ የማይገባበትን ትዕግሥት፣ ለልጁ ወደ ኋላዋ ሳትዞር የምትሄድበትን መንገድ፣ ለነርሷም የመልኳን ክብር ያድልልን፤ ያንንም ቤት ሰላሙ አይለየው። አሜን።