የጎሬ ዳገትና ባለቀለሙ ውሃ

መቱ ውስጥ እንደ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት የናቅሁት ሰው የለም። ከእሱ ቀጥሎ የምንቀው ራሴን ነው፤ አምኜው ሦስት ጊዜ የገዛሁት እኔ ነኝና።

ከግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራዬን ለቅቄ አሮጌ ሚኒባስ የገዛሁት የጎሬ መንገድ አስፋልት ከሆነ በኋላ ነው። ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ መቱ እመላለስ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ችግር የለም። ዳገቱን ስንጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ጠቋሚ ይነሳና ቀዩን መስመር ይነካል፤ ከወንበሬ ሥር እንፋሎት ይወጣል። አቆማለሁ፣ ውሃ እጨምራለሁ፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እንቀጥላለን።

መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት የምንሰበሰበው ሾፌሮች ለዚህ መድኃኒት አላጣንለትም። አንዱ ራዲያተር ውስጥ ከሚጨመረው ባለቀለም ማቀዝቀዣ፣ ከኩላንት፣ ቀዩ ለቆላ ነው፣ አረንጓዴው ለደጋ ነው ይላል። ሌላው ሰማያዊው አዲስ የመጣ ነው፣ ከሁለቱም ይበልጣል ይላል። ሌላው ደግሞ ሦስቱን ቀላቅለህ ብትጨምር ሞተሩ በረዶ ይሆናል ብሎ ይምላል። አንዳቸውም የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብበው አያውቁም። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ቁጭ ብዬ አዳምጣቸው ነበር።

ባለሱቁ ነጭ ጋዋን ይለብሳል። ሱቁን እንደ ፋርማሲ ነው ያሰናዳው፤ በቁቤም በአማርኛም ተጽፎበታል፣ ጠርሙሶቹ በየቀለማቸው ተደርድረዋል። ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አቤት ይላል። መኪና የለውም። መንዳትም አይችልም። እጁ ላይ ዘይት አይቼበት አላውቅም።

«ምንድን ነው የምትጨምረው?» አለኝ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን።

«ውሃ ነዋ፣ የምንጭ ውሃ።»

በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ ሞተርህን በገዛ እጅህ እየገደልከው ነው።»

አረንጓዴውን ሰጠኝ። ሳምንት ሳይሞላ መኪናው እንደ ድሮው አፈላ። ተመልሼ ስነግረው፣ «ያንተ ሞተር አረንጓዴ አይስማማውም ማለት ነው» ብሎ ቀዩን ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ላስወግደው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ምን ያደርግልሃል፣ ይጋገዛሉ» አለኝ። ቀዩም አልሠራም። ከዚያ ሙቀት የሚቀንስ ቅመም የሚለውን ትንሽ ጠርሙስ አመጣና በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ግማሹን ቃል በትክክል አልጠራውም። እየሰማሁ ገዛሁት።

ያን ጠርሙስ በጨመርኩበት ጠዋት አንድ ጎልማሳ ሰው ከሁለት እህቶቹ ጋር መናኸሪያ መጡ። ሌሊቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ ሲጓዙ አድረዋል። እናታቸው ጎሬ ላይ አርፋለች፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። መኪናውን በኮንትራት ያዙት። ሰውየው ከጎኔ ተቀመጠና፣ «ያደርሰናል?» አለኝ።

«አያስቡ ጋሼ፣» አልኩት፤ «ዛሬ አዲስ መድኃኒት ጨምሬበታለሁ።»

ዳገቱ መሐል ላይ ጠቋሚው ቀዩን አልፎ ሄደ። እንፋሎቱ ካቢናውን ሞላው፤ እህትማማቾቹ እየጮኹ ወረዱ። መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ከመታጠፊያው አጠገብ አንዲት እናት ይኖራሉ፤ እዚያ ለቆመ ሾፌር ሁሉ ውሃ የሚያቀብሉት እሳቸው ናቸው። ያን ቀንም ጀሪካን ተሸክመው መጡ።

«ኩኖ ቢሻን፣» አሉኝ፣ ይኸው ውሃ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ከመኪናው ፊት ቆመው ትንሽ አዩትና፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ያንተ መኪና አይተነፍስም» አሉኝ።

«እንዴት አይተነፍስም?»

«የሌሎቹ ፊት ስቆም ነጠላዬን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያንተ ዝም ነው። ሁልጊዜም ዝም ነው።»

በልቤ ሳቅሁ። መኪና ገብተው የማያውቁ አሮጊት ስለ ሞተር ሊያስተምሩኝ ነው አልኩ። «እሺ እትዬ» ብዬ ውሃቸውን ተቀበልኩና ራዲያተሩ ላይ ገለበጥኩት፤ መልሶ ተፋው።

የሚያልፉት ሚኒባሶች ሁሉ ሞልተው ነበር። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለና ዳገቱን በእግሩ ጀመረው። እህቶቹም ተከተሉት። እኔ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ እየተነሳሁ እየቆምኩ ጎሬ የደረስኩት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ወደ ለቅሶው ድንኳን ገባሁ። ዝናብ ሊጥል ሲል ቀብሩን አፋጥነውት ኖሮ፣ እነሱ ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል። ሰውየው ጫማውና የሱሪው ጫፍ ጭቃ እንደለበሰ ተቀምጧል።

ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንተም ደረስክ?» አለኝ። ቢወቅሰኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የሱቁ ባለቤት ዘንድ ሄጄ የሆነውን ነገርኩት። ሰውየው እናቱን ሳይቀብር ቀረ አልኩት። እሱ ጋዋኑን እያስተካከለ፣ «ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቀኸዋል?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተከፈተው። እስከዚያ ድረስ የማያውቀውን የሚሸጥ ሰው መሆኑን አላየሁም፤ የምሰማው ጋዋኑን ነበር።

መኪናውን ጎሬ ወደሚገኙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን ነከሩ። ጣታቸው የተመታ አብሽ የመሰለ ዝልግልግ ቡናማ ነገር ይዞ ወጣ።

«ምን ስታበላው ነው የከረምከው?»

ነገርኳቸው። አልሳቁም። «ኩላንት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ዝገት ይከላከላል። ግን አንዱን መርጠህ በንጹሕ ውሃ በጥብጠህ ነው። የማይስማሙትን ስትቀላቅል ይረጋና ራዲያተሩን ይደፍነዋል» አሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው አንድ ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ያዙና ለቀቁት። ወረቀቱ መሳብና ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ ነበረበት። መሬት ወደቀ። ሞተሩ ሲሞቅ ማራገቢያውን ይዞ የሚያሽከረክረው ክፍል ከሞተ ቆይቷል፤ ዳገት ላይ ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረውም። እሳቸው ከአሮጌ መኪና ላይ የተፈታ ደህና ክፍል ፈልገው ገጠሙልኝ፣ ራዲያተሩን አውርደው አጠቡት። የዚያኑ ሳምንት ሙሉ ጭኜ ዳገቱን ስወጣ ጠቋሚው ከመሐል አልተነቃነቀም።

መታጠፊያው ጋ መኪናው ሳያፈላ ቆምኩ። እናትየው ጀሪካናቸውን አንስተው ሲመጡ፣ «ውሃ ፈልጌ አይደለም እትዬ፣ እርስዎ ያሉት ነው የሆነው» አልኳቸው። ከመኪናው ፊት ቆሙ፤ ነጠላቸው ወደ ውስጥ ተሳበ። «ነግሬህ ነበር እኮ» ብለው ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ።

ከራዲያተሩ የወጣውን ዝልግልግ በጠርሙስ አድርጌ መቱ ያለው ሱቅ ወሰድኩና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ባለሱቁ አሽትቶ፣ «ይኼ የእኔ ዕቃ አይደለም፣ የምንጭህ ጭቃ ነው» አለ። አጠገቤ ከኡካ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ቀዩንና ሰማያዊውን ይዞ ይመርጣል።

«እባክህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማራገቢያውን አስፈትሽ» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ነጩን ጋዋን አየ።

«መካኒክ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ተወኛ!» አለና ሁለቱንም እንዲጠቀልልለት ጠየቀ። ባለሱቁ እየጠቀለለ፣ ሳይጨምረው በፊት በደንብ እንዲነቀንቀው አስጠነቀቀው። ሾፌሩ እንደ ታማሚ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል። እኔ ወጥቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ተራዬ ደርሶ የጎሬ ሰው መሳፈር ጀምሮ ነበር።