ከዓሣው ጋር የመጣው በረዶ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጓደኛዬ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት የሎሚ ጭማቂ ጋበዘችኝ። ብርጭቆው ላይ በረዶ ይንሳፈፋል። የበረዶው ውኃ ከየት የመጣ ነው ብዬ ብጠይቅ ባለቤትየዋ ገላመጡኝ፤ ጓደኛዬም አፈረችብኝ። እኔ ግን ምክንያት አለኝ፤ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ምንም ነገር በሆዴ አላስቀርም።

ነገሩ ሲሆን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ አቃቂ ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነው፤ የጅቡቲ ባቡር ሲያልፍ የቤታችን ሳህኖች መደርደሪያቸው ላይ ይንጫጫሉ። ባቡሩ ላይ የሚሠራው ጋሽ ጌታሁን ታላቅ እህቴን አልማዝን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ መልስ ይጠባበቃል። ታዲያ አንድ እሑድ፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት፣ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ሰጋቱራውን ሲጠርገው በረዶ፣ በረዶው ውስጥ ደግሞ ክንዴን የሚያህል የባሕር ዓሣ።

እናቴ ሥጋ ስትገዛ እንኳ ባለልኳንዳውን በጥያቄ የምታስጨንቅ ሴት ናት። «የባሕር ነገር በየብስ ሲመጣ አላምንም» ብላ የጉንጩን ክዳን ገልጣ ቅላቱን አየች፤ ሥጋውን በጣቷ ተጫነች፤ ሦስቴ አሸተተች። ጋሽ ጌታሁንን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ምንም እንዳላገኘችበት ቅር እያላት ተናገረች። ቢሆንም እስኪደርቅ ጠበሰችው።

እኔ የዓሣው ዓይን አፍጥጦ ስላየኝ አልቀምስም አልኩ። የማረከኝ በረዶው ነው። እኛ ሰፈር በረዶ ከሰማይ ካልወረደ የት ይገኛል? ሰባብሬ፣ ሰጋቱራውን አለቅልቄ፣ የሎሚ ጭማቂው ጆግ ውስጥ ጨመርኩት። አባቴ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፤ እናቴም ደገመች፤ እኔማ አትጠይቁኝ። አልማዝ እንጥሏን ስለሚያማት ቀዝቃዛ አትነካም። ጋሽ ጌታሁን ሻይ ነው የፈለገው። ዓሣውን የጨረሱትም እነሱው ሁለቱ ናቸው።

በማግሥቱ እናቴ፣ አባቴና እኔ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ተራ እንጠባበቅ ጀመር። እናቴ ሆዷን ይዛ ለልጄ መርዝ ተሸክሞ የሚመጣ ባል አልሻም አለች። አባቴ የእምቢታ ደብዳቤ ጻፈ፤ ማክሰኞ ጠዋት ባቡሩ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ለጋሽ ጌታሁን ሊሰጠው። አልማዝ ጓዳ ገብታ አልወጣችም።

ያን ቀን ተኝቼ ስገላበጥ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ከሁላችን አብልጣ የበላችው አልማዝ ደህና ናት። ጭራሽ ያልቀመስኩት እኔ ግን ታመምኩ። ያኔ ጆጉ ትዝ አለኝ። ብናገር እንደምመታ አውቃለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ማንም አያውቅብኝም።

ማክሰኞ ፊሽካው ከሩቅ ሲሰማ አባቴ ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ተነሣ።

«አባባ፣ እኔ'ኮ ዓሣውን አልበላሁም።»

«እና?»

«ሎሚው ውስጥ የከተትኩት የዓሣውን በረዶ ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ዓሣውን ሦስቴ ሳሸት፣ በረዶውን ማን አሸተተው?» አለች፤ እኔን ትጠይቅ ራሷን አልገባኝም። ደብዳቤውን ከአባቴ ኪስ መዝዛ ምድጃው ውስጥ ጣለችው። ቁንጥጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አልማዝ አግብታው ዛሬ ድሬዳዋ የራሷ ቤት አላት። ጋሽ ጌታሁን ዓሣ ይዞ በመጣ ቁጥር እናቴ ሳታሸት አታሳልፈውም፤ በረዶውን ግን እሱ ራሱ፣ እኔን እያየ፣ ሐዲዱ ዳር ይደፋዋል።

ትናንት ጭማቂውን አልጠጣሁም። ጓደኛዬ እየሳቀችብኝ የእኔንም ጨምራ ጠጣችው። ዛሬ ክፍል ስትገባ ፊቷን በደንብ አየሁት፤ ደህና ትመስላለች። ነገም አያታለሁ።