ኮንጋ ላይ አያት የሆነው አባቴ

የሞያሌ አውቶቡስ ዲላ ሲገባ ጡሩንባውን ከሩቅ ነበር የሚነፋው። ልጅ ሳለሁ ያን ድምፅ ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ ወደ ዋናው መንገድ እሮጥ ነበር። አባትሽ ኬንያ ነው ተብያለሁና አንድ ቀን ከዚያ አውቶቡስ መውረዱ አይቀርም። ይዞልኝ የሚመጣውን ጫማ እንኳ ወስኜ ነበር፤ ቀይ፣ ዘለበት ያለው። እግሬ ሲያድግ ጫማውንም በሐሳቤ አሳድገው ነበር።

አባቴ ቡና ነጋዴ ነበር። ቤታችንም ሱቃችንም ዲላ ነው፤ በለቀማ ወራት ግን ይርጋጨፌ ሰንብቶ ከየገበሬው ቡና ይሰበስባል። አብሮት የሚሠራ ባልንጀራ ነበረው፤ ጋሼ ነበር የምለው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ እኔ ፊደል በምቆጥርበት ጊዜ፣ አባቴ ከጋሼ ጋር ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው ኮንጋ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ጋሼ ብቻውን መጣ። «ይርጋጨፌ ላይ በእጄ ነው የሞያሌ አውቶቡስ ላይ ያሳፈርኩት» አለ። «ኬንያ ሠርቼ ልምጣ፣ ለቤቴ ንገርልኝ ብሎኛል።» በዚያ ዘመን ኬንያ ብሎ የሚጠፋ ሰው ብዙ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። ፖሊስም ቃሉን ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ጋሼ በየበዓሉ ቤታችን ይመጣል። እናቴ ከዶሮው ፈረሰኛውን፣ የአባቴን ድርሻ፣ ለእሱ ታወጣለታለች። እሱም ባዶውን አይመጣም፤ ወሬ ይዞ ነው። አንድ ሾፌር ናይሮቢ ላይ አየሁት አለ፤ ወፍሯል፣ ጢም አሳድጓል፣ ልጄ ስንተኛ ክፍል ደረሰች ብሎ ጠየቀ። እኔ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ «ሌላስ? ሌላስ ምን አለ?» እለዋለሁ። ጋሼ አይሰስትም፤ ይጨምርልኛል።

እናቴ ሐዘን አልተቀመጠችም። የእድሩ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሽማግሌ ልከው «ድንኳን ተክለን እናልቅስለትና ይውጣልሽ» ቢሏት፣ «ለሕያው ሰው ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ እኔን ከእድሩ አውጡኝ» ብላ አባረረቻቸው። የሱቃችን በር አረንጓዴ ነበር፤ የቀባው አባቴ ነው። ሲመጣ ቤቱ እንዳይጠፋው ብላ በየመስከረሙ ያንኑ አረንጓዴ ታስቀባለች። ቀለሙ ከገበያ ሲጠፋ ሰማያዊና ቢጫ ገዝታ ራሷ በዱላ እያማሰለች ታመጣዋለች። ጎረቤት ይስቅባታል። እኔም ካደግሁ በኋላ እናደድ ነበር፤ ጠይቆ መምጣት አያውቅም እንዴ ይሄ ሰው? ግን ዱላውን ስትሰጠኝ ተቀብዬ አማስላለሁ።

አባቴ ከቀረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ከኮንጋ ወሬ መጣ። ወደ ቡና ማጠቢያው የሚወስደውን የእግር መንገድ ለሞተር ሳይክል የሚያሰፉ ወጣቶች፣ በአንድ ሽማግሌ የእንሰት ማሳ ጠርዝ ላይ የሰው አፅም አገኙ። አብሮት የላስቲክ ጫማ ሶልና የቀበቶ ዘለበት ነበር።

ሽማግሌው ግን አፅሙን ሲያይ የመጀመሪያው አልነበረም። ማሳው ውስጥ የጥንት ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ድንጋይ የቆመበት ቦታ የቀደሙት ሰዎች ማረፊያ ነው ተብሎ ስለሚታመን ዝም ብሎ አይቆፈርም። ከብዙ ዓመት በፊት እንሰት ሲተክል አጥንት ብቅ ሲልበት «አያት ነው» ብሎ ደነገጠና አፈሩን መልሶ አለበሰው። ዙሪያውን በድንጋይ ከበበው፤ ከብትም ልጅም እንዳይረግጠው ከለከለ። አሁን ዘለበቱን ሲያይ ግን ራሱ ይዞት ቀበሌ ሄደ። «አያቶቻችን ቀበቶ አልነበራቸውም» አለ አሉ።

በዚያ በኩል ወጥቶ የቀረ ሰው ሲፈለግ የአባቴ የድሮ መዝገብ ተገለጠና ተጠራን፤ ይርጋጨፌ ፖሊስ ጣቢያ ዘለበቱን ለእናቴ አሳዩአት። «የሱ አይደለም» አለች፤ አገላብጣ እንኳ አላየችውም። መርማሪው ትሑት ወጣት ነበር። ዲኤንኤ የሚባል ምርመራ እንዳለ፣ ናሙናውም ውጭ አገር ተልኮ እንደሚታይ ቀስ ብሎ አስረዳን። እናቴ ወዲያው ክንዷን ገልጣ ዘረጋችለት።

«የእርስዎ አይሆንም፣ እናቴ። የሥጋ ዝምድና ነው የሚታየው፤ የልጅዎ ነው የሚያስፈልገን።»

«የጠበቅኩት እኔ፣ የሚቆጠረው የሷ?» አለች።

ጉንጬን ከውስጥ በጥጥ ጠረጉኝ፤ ይኸው ነው። ስንት ዓመት ሮጬ ያላገኘሁትን አባት በአፌ ይዤው ስዞር ኖሬያለሁ።

ውጤቱ ወራት ፈጀ። እውነቱን ለመናገር እንዳይሆን ነበር የምመኘው። የሌላ ሰው አባት ይሁን፣ ሌላዋ ልጅ ታልቅስ፣ የኔ ይምጣ እል ነበር። አውቶቡሱ ጡሩንባ ሲነፋ፣ ሥራ የያዝኩ ትልቅ ሴት ሆኜም፣ አንገቴን እመልሳለሁ።

አባቴ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማወቅ ብዙ አላስፈለገም፤ ኮንጋ የተቀበረ ሰው የሞያሌ አውቶቡስ ላይ አልወጣም፣ አሳፈርኩት ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ሲጠየቅ ብዙም ሳይቆይ አመነ። ድንጋዮቹ አጠገብ የቀበረው ማንም እዚያ እንደማይቆፍር አውቆ ነው። የተጣሉበትን ነገር ችሎት ላይ ሰምቼዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ለሰው ሞት የሚበቃ አይደለም።

ጋሼን እስካሁን እጠላዋለሁ። ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እውነተኛውን አባቴን ብዙም አላስታውሰውም፤ እጁ ጀንፈል ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና እንደሚሸት ብቻ ነው የማውቀው። የወፈረው፣ ጢም ያሳደገው፣ ስንተኛ ክፍል ደረሰች ብሎ የጠየቀው አባት የገዳዩ ፈጠራ ነበር። የምናፍቀው ደግሞ እሱን ነው። በአንድ ሰው እጅ ሁለት አባት ሞተብኝ።

አፅሙን ዲላ አምጥተን ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። አረንጓዴው በር ተዘጋ፣ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። እናቴ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች፤ እንባ ግን የለም። «ያን ሁሉ ዓመት እሱ ብርድ ላይ ብቻውን ተኝቶ እኔ በር እቀባ ነበር» ትላለች፤ ሌላ ቃል አይወጣትም። ሰው ሁሉ ፈራላት።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ከኮንጋ ከነቤተሰቡ መጣ። አጠገቧ ሄዶ ቁጭ አለ።

«እናቴ፣ አትቆጪኝ» አላት። «እኔ አያት ነው ብዬ አፈር መለስኩበት። ያኔ ብናገር ቶሎ ይገኝ ነበር።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ብቻውን ነበር?»

«ኧረ ብቻውን አይደለም። እኔ ጠዋት ማሳ ስሄድ ሰላም እለዋለሁ። ቡና ሲደርስ ደግሞ ቆሜ እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለው ነው የሚነግሩት?»

«ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ቡናው ቀልቷል፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ አታስብ እለዋለሁ።»

የራሱን ልጆች ማለቱ ነበር። ለእናቴም ይሄ አልጠፋትም። ግን ወደ እኔ ዞረችና እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ሰማሽ?» አለችኝ። «ደህና መሆንሽን እየሰማ ነው የኖረው።»

ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።