ጆሮዋን የነካች ልጅ

ጂንካ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ለችግረኛ ልጆች የሚካሄደው ፕሮግራም ሲጀመር ወጥ ሠሪ ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ይማራሉ፣ ይዘምራሉ፣ ምሳ ይበላሉ፤ ሲታመሙ ይታከማሉ፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ይሰጣቸዋል። እኛ በአጭሩ «ፕሮጀክት» ነው የምንለው። «ልጄ ፕሮጀክት ገባ» ያለች እናት ሎተሪ እንደ ደረሳት ነበር የምትታየው። ምላሴ ስለታም እንደሆነ ከተማው ያውቃል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ወጤ ስለሚጣፍጣቸው ግን ችለውኝ ኖረዋል።

ከቤቴ ጀርባ አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። ባሏ ድንገት ታሞ ሞተባትና ጡት ያልጣለ ሕፃንና አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ቀረች። ሕፃኑን አዝላ ከከተማው በላይ ካለው ጋራ እንጨት ለቅማ ታመጣለች፣ ከተሸጠላት ይበላሉ፣ ካልተሸጠላት ጎመን ቀቅለው ያድራሉ። እኔም ያለኝን አካፍላታለሁ፤ ግን የራሴም ልጆች አፍ አላቸው።

ቆላው ሐመር አገር፣ ቱርሚ፣ ምግብ ቤት ያላት የባሏ እህት ለቅሶ መጥታ፣ ልትመለስ ስትል «ትልቋን ስጪኝ። እኔ ጋ በልታ ታድራለች፣ እኔንም ትረዳኛለች» አለቻት። ጎረቤቴ ማታ መጥታ እኔ ዘንድ አለቀሰች። «እትዬ፣ ፕሮጀክት ከገባችልኝ አልሰጣትም። ካልገባች ግን በምን አባቴ አቅም አሳድጋታለሁ?» አለችኝ። ቀጣዩ ምዝገባ በጥር ነበር። እስከዚያ ድረስ ጠብቂኝ ብላ የባሏን እህት ሸኘቻት።

ልጅቷ ወሬኛ ነበረች፣ እጆቿ እንደ አባቷ ረጃጅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትጠራ ኩሽናዬ ትመጣና «እትዬ፣ ሽንኩርት ልላጥልሽ?» ትለኛለች፤ ከዚያ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። የዚያን ዓመት መስከረም ላይ ለአንደኛ ክፍል ልትመዘገብ ሄዳ ነበር። ያኔ የልደት ካርድ የሚባል ነገር ማን ያውቃል? የልጅ ዕድሜ የሚታወቀው በጆሮ ነው፤ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ግራ ጆሮዋን ከነካች ለትምህርት ደርሳለች፣ ካልነካች አልደረሰችም። ለጥቂት ሳተችው። «ለከርሞ ነይ» ብለው መለሷት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፈችም። እጇን አናቷ ላይ ጥላ ስትንጠራራ ነው የምትውለው። «እትዬ፣ እዪኝ! ልነካ ነው እኮ!» ትለኛለች። «አንገትሽን አታጣሚ፣ አጭበርባሪ!» እላታለሁ። የገና በዓል ሲደርስ የጣቷ ጫፍ ጆሮዋን መንካት ጀመረ። የሰፈሩ ልጆች አጨበጨቡላት፣ እኔም እልል አልኩላት።

ጥር ላይ ምዝገባው መጣ። ፕሮጀክቱ የሚቀበለው ለትምህርት ያልደረሱ ትንንሾችን ብቻ ነበር፤ ከሥር ጀምሮ ለማሳደግ ነው ተባለ። ግቢው በእናት ሞላ፣ ሁሉም «ልጄ ገና ጨቅላ ነው» ይላል፣ ማስረጃ ያለው ግን የለም። ከኮሚቴው አንዱ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፣ ደግ ሰው ነው። «ለምን እንደ ትምህርት ቤቱ ጆሯቸውን አናስነካቸውም? የነካ ዕድሜው አልፏል፣ ያልነካ ይገባል» አለ። ሽማግሌዎቹ ጥሩ ዘዴ ነው ብለው ተስማሙ። እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ፣ ማን ይንገረኝ?

ወሬው ግን ደጅ ወጣ። ቀድመው የመጡት እናቶች «እንዳትነካ! እጅህን ሰብሰብ አድርግ!» እያሉ በልጆቻቸው ጆሮ አንሾካሾኩ። ጎረቤቴ እንጨቷን ሸጣ ስለነበር የመጣችው አርፍዳ ነው፣ ወሬውን አልሰማችም። ልጅቷን አጥባ፣ ፀጉሯን ቅባት ቀብታ፣ እጇን ይዛ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው አቀረበቻት። ሳያቸው ጭልፋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

«ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ጆሮሽን ንኪ» አላት መምህሩ።

ፊቷ በራ። አንገቷን አዘመመች፣ ትከሻዋን አነሳች፣ ምላሷን ነከሰች፣ ነካችው። «ነካሁ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

መምህሩ «ጎበዝ» አላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ «አልፏታል» አላቸው።

የጌታ ያለህ! ያን ቀን ያልኩትን ዛሬም ሰዎች እያነሱ ይስቁብኛል። «ጥርሷን እዩ! የወተት ጥርሷ እኮ ገና አልተነቃነቀም! በጌታ ቤት እጅ መርዘም ኃጢአት ነው እንዴ?» አልኩ። ሽማግሌው ትዕግስተኛ ናቸው፤ «እህቴ፣ ለአንዷ ብለን ብናፈርሰው እነዚህ ሁሉ እናቶች ምን ይሉናል?» አሉኝ። ነገራቸው እውነት ነበር፣ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ስጨቃጨቅ ወጡ አረረ። ልጆቹ ያረረውን በሉ።

ልጅቷ ግን ያለፈች መስሏት ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ከፊታችን እየዘለለች «ዩኒፎርሜን መቼ ነው የሚሰጡኝ?» ትላለች። እኔ፣ ለሁሉ መልስ የማላጣው፣ ጫማዬ ውስጥ ድንጋይ የገባ አስመስዬ ወደ ኋላ ቀረሁ።

አክስቷ ብዙም ሳትቆይ መጣች። ልጅቷን በአይሱዙ ጋቢና አሳፍራ ወሰደቻት። መኪናው ሊነሳ ሲል ልጅቷ በመስኮቱ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ቱርሚ ፕሮጀክት አለ?» አለች። «አለ» አለቻት እናቷ። ሌላ ምን ትበላት?

በዓመቱ፣ ጎመን ስከትፍ፣ ያ መምህር እየሮጠ ኩሽናዬ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ እንኳ በግድ ነበር የምሰጠው። «ዘንድሮ ቦታው ስላልሞላ ከላይ የመቀበያ ዕድሜውን ከፍ አድርገውታል። ያቺን ልጅ አምጧት፣ በፍጥነት!» አለኝ። ሲያልበው አየሁና አንጀቴ ራራ፤ ሰውየው ለካ ዓመቱን ሙሉ በልቡ ተሸክሟት ኖሯል። ሹፌር ለምኖ መኪና ያገኘልንም እሱ ነው።

ከጎረቤቴ ጋር ተሳፈርን። ቁልቁለቱን ወርደን የቆላው ሙቀት ሲቀበለን ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እሷ ግን ትስቃለች። «ቅዳሜ የመጀመሪያ ምሳዋን አንቺ ነሽ የምታበያት፣ ሥጋ አድርጊላት» ትለኛለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ቱርሚ የደረስንበት ቀን ገበያ ነበር፣ ምግብ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ልጅቷ ሳህን ተሸክማ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትላለች፣ ከሐመሮቹ ጋር በሐመርኛ ትቀላለዳለች። ቁመቷ ጨምሯል። ስታየን ሳህኑን አስቀመጠችና ውኃ ቀዳችልን፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው። እናቷ አቅፋ ሳመቻት። ልጅቷ ግን እጇን አላነሳችም።

አክስቷ ክፉ ሴት አይደለችም። ነገሩን ስንነግራት «የራስሽ ልጅ ናት፣ ውሰጃት። ይሄማ ዕድሏ ነው» አለች። ልብሷን በፌስታል ከተተችላት። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ልጅቷ የበሩን ምሰሶ ይዛ ቆመች።

«ነይ እንጂ!» አልኳት። «ተቀብለውሻል እኮ፣ ዩኒፎርምም አለ!»

እኔን አላየችኝም። አሪኛ የማትችለው አክስቷ እንዳትሰማት መሰለኝ፣ እናቷን በዚያው በእናቷ ቋንቋ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«አሁንም አይሆንም ቢሉኝ ለማን ትሰጪኛለሽ?»

እናቷ ልትይዛት የዘረጋችውን እጅ መለሰች። ሹፌሩ ደግሞ ጥሩምባ ነፋ። ጎረቤቴ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ ፌስታሉን «እዚሁ ትሁን» ብላ ለአክስቲቱ መለሰችላት፣ እኔንም ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ።