በእናቴ ፈንታ የመለስኩት

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ሰው ፊት መናገር አልችልበትም፣ ታገሱኝ። ግን እግዚአብሔር ያደረገልንን ሳልናገር ዛሬም ወደ ቤት ብመለስ ሆዴን ያቃጥለኛል።

እናቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እኔን ግን አታውቁኝም፤ እሑድ እሑድ እሷን በር ላይ አውርጄ መኪና ውስጥ ስልኬን ስነካካ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። መጸለይ የእሷ ሥራ፣ መንዳት የእኔ ሥራ ነው እል ነበር።

እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው የምንኖረው። እማዬ ነገር መርሳት ስታበዛ አማርኛ የማያውቅ ፈረንጅ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። "አስተርጓሚ ልጥራ?" ሲለኝ "እኔ አለሁ" አልኩ። ዓመተ ምህረቱን ጠይቋት ስትስት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብዬ አስተካከልኩላት። "አሁን የት ነው ያለነው?" ሲላት "ሾላ ገበያ" አለች። እኔ "ሐኪም ቤት ነን ትላለች" አልኩት። ያዢልኝ ካላት ሦስት ቃል አንዱንም አልያዘችም፤ ሦስቱንም እኔ በእንግሊዝኛ ደረደርኩለት። "ለዕድሜያቸው በጣም ጎበዝ ናቸው" ብሎ ሸኘን። ወገኖቼ፣ እኔ እኮ እናቴን ያከበርኳት መስሎኝ ነበር!

ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ዶኛ ማርታ የሚባሉ የኤልሳልቫዶር እናት ቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። አንድ ቀን አልዛይመርን፣ ይሄን የመርሳት በሽታ፣ ስፓኒሽ በሚናገረው በላቲኖ ማኅበረሰብ ውስጥ የምታጠና ሴት ፈቃድ ጠይቃ መጣች። እሷ በስፓኒሽ ስትጠይቃቸው ልጃቸው ከጎን መልሱን ሹክ ትላቸዋለች። አጥኚዋ ፈገግ ብላ ልጅቷን ወደ ኩሽና ላከቻት። በኋላ "ምን አጥፍታ ነው?" ብዬ በእንግሊዝኛ ብጠይቃት፣

"ምንም። ልጆች ወላጆቻችን እንዳያፍሩ ብለን እንመልስላቸዋለን። በሽታው ግን በዚያ መሃል ይደበቃል" አለችኝ።

ሐኪሙ ጋ ያደረግኩት ትዝ አለኝ። ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ሥራ ላይ እያለሁ የህንፃችን ማናጀር ኮል አደረገልኝ። "ስቶቭ ላይ ድስት አርሮ አላርሙ ጮኸ። እሳት አልተነሳም። እናትሽ ግን ቤት ውስጥ የሉም።" ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ ደግሞ ጭንቅንቅ ብሏል! መኪናው አይንቀሳቀስ፣ ስልኳ አይጠራ። መሪዬን ጨብጬ "ጌታ ሆይ፣ እኔ አላውቅህም፣ እሷ ግን ታውቅሃለች። ዋሽቻለሁ። ብቻ እሷን አግኝልኝ፣ እውነቱን እናገራለሁ" አልኩት። ቅዱሳን፣ ጸሎት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ስደርስ ማናጀሩ የጠራቸው ፖሊሶች ውጭ ይፈልጓታል። እኔ በየፎቁ ስሮጥ ቆይቼ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኘኋት። ሃሌ ሉያ! ከማሽኖቹ ኋላ ኩርምት ብላለች።

"እማዬ፣ ለምን ሰው አልጠየቅሽም?"

"የቤታችን ቁጥር ጠፋኝ። ብጠይቅ ላንቺ ያሳብቁብኛል ብዬ።" ቀጥላም "ሐኪሙ ጋ ስትዋሺልኝ ገብቶኝ ነበር። ፊትሽ ተለዋወጠ። ያሳፈርኩሽ መስሎኝ ነው የተደበቅኩሽ" አለች።

እግሯ ሥር ወድቄ አለቀስኩ። በሳምንቱ በሌላ አስተርጓሚ ተመረመረች፤ እኔ ውጭ ተቀመጥኩ። አልዛይመር ነው አሉን። የዚያን እሑድ መኪናዬን ቆልፌ ከእሷ ጋር ገባሁ፣ ጌታንም ተቀበልኩ። ስሙ ይባረክ!

እማዬ አልተፈወሰችም። ድናለች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን መዋሸት አቁሜያለሁ። እጸልያለሁ፣ እፈራለሁም። በየጠዋቱ ዛሬስ ታውቀኝ ይሆን እያልኩ አልጋዋ አጠገብ እቆማለሁ። አሁን ግን ሲጠፋት አትደበቀኝም፤ "ልጄ፣ ጠፋኝ" ትለኛለች፣ እጇን እይዛታለሁ። ተመስገን ጌታዬ!

ወገኖቼ፣ እናት አባታችሁን የደበቃችሁ ካላችሁ ጌታን እመኑት፤ እሱ አያፍርባቸውም። እማዬ ይኸው ፊት ተቀምጣለች። ስትወጡ ሰላም በሏት። ማን እንደሆናችሁ ግራ ቢገባት እናንተው ንገሯት፤ እኔ ከእንግዲህ አልመልስላትም።