አባባ ቱፋ እጃቸውን የጫኑበት ዴክ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ልጅ ሳለሁ አባቴ ይቺን ቃል ሳይላት የግቢያችን በር ተዘግቶ አያውቅም። መቀርቀሪያውን ያስገባል፣ አንዴ ይነቀንቀዋል፣ ከዚያ ይላታል። ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ የሚሰማበት ጊዜ ስለነበረ አባቴን አልፈርድበትም። አሰላ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንዱ ቤት ያስነጠሰውን ሌላው ቤት «ይማርህ» ይለዋል።

ያ በር ግን በየማታው ለአንድ ሰው ተመልሶ ይከፈት ነበር፤ ለአባባ ቱፋ። አባባ ቱፋ ከአጥራችን ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ሮቤ ከተማ ተድራለች፣ ሚስታቸው ሞታለች። ጀምበር ስትጠልቅ ደጅ ላይ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይስላሉ፤ ገብተው ምድጃው ዳር ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ዱካዋ የኛ ብትሆንም ከሳቸው በቀር የሚቀመጥባት አልነበረም። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ መብራት በጠፋ ማታ ደግሞ በኩራዝ፣ ተረት ይነግሩናል። በአማርኛ ይጀምሩና ነገሩ ሲጥማቸው ሳያውቁት ኦሮምኛ ውስጥ ይገባሉ፤ እኛም ሳናውቀው ተከትለናቸው እንገባለን።

አንዱን እስካሁን አልረሳሁትም። አንድ ሰው ነበረ አሉ፤ እሳት የጠፋበት ጎረቤት ገል ይዞ ሊጭር ሲመጣ በረከቴን ይወስድብኛል ብሎ ይሰጋል። አንድ ማታ ፍሙን ማንም እንዳያገኘው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ድንጋይም ጫነበት። ሲነጋ ከፍቶ ቢያይ አመድ ሆኗል። ገል ይዞ ጎረቤት ሄደ። ጎረቤቱም «ያንተስ የት ሄደ?» አለው።

«መጨረሻውስ?» አልኳቸው።

«መጨረሻው እሱ ነው፣ ያ ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሳቁና ፍሙን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በአንድ ጥቅምት የቪዲዮ ዴክ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣልን፤ ከአንድ የሕንድ ፊልም ካሴት ጋር። ቴሌቪዥኑ የቆየ ነው፤ ቀበሌም ያውቀዋል። ዴኩ ግን ቀረጥ አልተከፈለበትም፤ መኖሩንም ማንም አያውቅም። ሁለት ሳምንት ያህል ሳሎን፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ፤ እንደ ልብም ሠራ። አባባ ቱፋ ተረታቸውን ትተው አብረውን ያዩ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ሚስቱ ሞታበት ይዘፍናል እንዴ?» ይላሉ።

«አባባ፣ ሐዘኑ ነው የሚያዘፍነው» ትላለች እናቴ።

«እኔም የዚያን ጊዜ ብዘፍን ኖሮ እድርተኛው በድንጋይ ያባርረኝ ነበር!»

ከዚያ ቀበሌ ቤት ለቤት ዕቃ ሊመዘግብ ነው የሚል ወሬ መጣ። አባቴ በዚያው ቀን ዴኩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከጓሮ ባለችው የእህል ቤት፣ ከገብሱ ኋላ ደበቀው። እዚያ እየዋለና እያደረ፣ ማታ ማታ ብቻ እኔ ተሸክሜው እገባለሁ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በእህል ቤቷ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል።

በመጀመሪያው ማታ ዴኩን ሳስገባ ከበሩ መቃን ጋር አጋጨሁት። ያየኝ የለም። እናቴ የከሰል ማንደጃውን በፍም ሞልታ ቤቱን አሙቃዋለች፤ ዴኩንም እዚያው አጠገብ አስቀመጥኩት። አባቴ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሲሰቅል አባባ ቱፋ መዳፋቸውን ዴኩ ላይ ጫኑና ወደኔ ዞረው፣ «ኡፍ! ይሄ ነገር ይበርደዋል፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ሆኗል» አሉኝ። ከኔ በቀር ማንም አልሰማቸውም።

አባቴ ካሴቱን ከተተ። ዴኩ ዋጠው፣ አቃሰተና መልሶ ተፋው። አንዲት ቀይ መብራት በራች፤ አጠገቧ ያለውን የፈረንጅ ጽሑፍ ከቤታችን የሚያነበው አልነበረም። ደግሞ ከተተ፤ ደግሞ ተፋው።

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ አባቴ፣ «ዛሬ ይሄን ዕቃ ማን ነካው?» አለ።

መቃኑ ትዝ አለኝ። እኔ ሰበርኩት ብዬ ደነገጥኩ። «አባባ ቱፋ እጃቸውን ጫኑበት» አልኩ። ውሸት አይደለም። ያሉትን ግን አልተናገርኩም።

በማግስቱ ቀትር ላይ አባቴ ዴኩን ገበያ ዳር ላለው ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙ የውስጡን ዕቃ እንዳይለውጥበት ከትከሻው ላይ አልተነሳም። ፀሐይ ላይ ተጉዞ የደረሰው ዴክ ገና ሲሰካ ሠራ። አባቴ ግን አልተደሰተም። «እዚያማ የአባባ ቱፋ እጅ አልነካውም» አለ። ማታ ከእህል ቤት አውጥተን ስንሞክረው እንደገና ተፋው። በሦስተኛው ማታ እናቴ ጠበል ረጨችበት፤ ጭራሽ አልነሳም አለ። ጠበሉ ጥፋት የለበትም፤ እግዜር ይቅር ይበለን እንጂ ጥፋቱ ያለው ረጪዎቹ ላይ ነበር። አባቴ ሰውን እንጂ ብርድን መጠርጠር አያውቅበትም።

በዚያው ማታ «ቤቶች!» የሚለው ድምፅ ሲመጣ አባቴ በሩን ሳይከፍት «አባባ፣ ዛሬ እንግዳ አለብን» አላቸው።

«እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱም እንግዳ አለ ተባሉ። በሦስተኛው ቀን፣ «የናንተ እንግዳ ብዙ ይቆያል፤ እንጀራውን ወዶት ይሆናል» ብለው በትራቸው እየተሰማ ተመለሱ። እኔ ባዶዋን ዱካ እያየሁ ተቀምጫለሁ። አንድ ቃል ብናገር በሩ ይከፈት ነበር፤ መቃኑን ፈርቼ ዝም አልኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ምሽት አይተነው የማናውቀው ሰው ከአጎቴ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ከአጎቴ ጋር የሚሠራ መካኒክ ነኝ አለ። አባቴ ደብዳቤው አልበቃው ብሎ መታወቂያውን አየ፤ ገልብጦም አየ። ሰውየው ሳቅ ብሎ፣ «ዴኩስ እንዴት ነው? ደህና ይሠራል?» አለ። አባቴ ከእናቴ ጋር ተያየና በዓይኑ ጠቀሰኝ። ከእህል ቤት ተሸክሜ አመጣሁት።

ሰውየው ከከረጢቱ አውጥቶ ሆዱን ዳበሰው። ሰካው፤ ያቺ ቀይ መብራት በራች። ጽሑፏን አነበባትና ጤዛ ማለት ናት አለ። ከብርድ ወጥቶ ፍም አጠገብ ሲቀመጥ ውስጡ እንደሚያልበው፣ የካሴቱ ክር ተጣብቆ እንዳይበጠስ ራሱ አልሠራም እንደሚል አስረዳን። መፍቻ እንኳ አላነሳም። እራት በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ዴኩ ከኛ ጋር ሞቅ እያለው ደረቀ። ከዚያ ካሴቱን ዋጠ፤ ሕንዱም ዘፈነ። የሳቀ ግን አልነበረም። አባቴ የሚያየው ዱካዋን ነበር።

ሲነጋ አባቴ እኔን አስከትሎ አባባ ቱፋ ቤት ሄደ። በሩ በገመድ ታስሯል። የጎረቤት ሴትዮ፣ «ሮቤ ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ አራት ቀናቸው። ሲሄዱ ‹የደምሴ እንግዳ ገና አልሄደም ወይ?› ብለው ጠየቁኝ» አለችው። ደምሴ አባቴ ነው። ቅዳሜ በአውቶቡስ ሮቤ ሄደ፤ ብቻውንም ተመለሰ። «ልጃቸው ‹አባቴን መልሼ አልሰጥም› አለችኝ» አለ። ዴኩ ከዚያ ወዲህ ሳሎን አደረ። አባቴ በሩን መቀርቀሩን አልተወም፤ ያቺን ቃል ግን ከአፉ ደግሜ አልሰማኋትም።

አሁን እኔም ሸምግያለሁ። ጸሎት ላይ «በደላችንን ይቅር በለን» ስል የምትመጣብኝ ያቺ ዱካ ናት። የፊልሙ ታሪክ ጠፍቶብኛል፤ የተቀበረው ፍም ግን አለ፤ የዚያ እንግዳ ሰው ቃልም አለ። ያን ምሽት፣ መዳፉን ከዴኩ ላይ ገና ሳያነሳ፣ አባቴን ትቶ ተሸክሜ ወዳመጣሁት ወደኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦

«አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ይሄን ዕቃ ዳብሶ ‹ይበርደዋል› ያላችሁ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም?»